ከጎባ እስከ ሳነቴ፦ ፍርሃትን ከአሠልጣኝ ጋር ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ

ጎባ ውስጥ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» የሚል ሰው አይታጣም። በለቅሶ ቤት፣ በሆስፒታል ደጅ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመፈተን ሻንጣውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚሄድ ልጅ ጆሮ ይኸው ቃል ይደጋገማል። ፍቅር ያለበት ቃል ነው፤ ብቻውን ግን ፍርሃትን አያነሳም። ፍርሃት የሚለቀው የሚፈሩትን ነገር ከትንሹ ጀምሮ፣ በቅደም ተከተል፣ ደጋግሞ በማድረግ ነው። ለዚህም አጠገብ ቆሞ የሚያስጀምር፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ዞር የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ሰው እዚህ አሠልጣኝ እለዋለሁ፤ ወጣቶቹ «ኮች» የሚሉት ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል አጥብቆ የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ገጠማቸው። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን ከርቀት አስቀመጡለት። በቀጣዮቹ ጊዜያት ትንሽ ትንሽ እያቀረቡ ሄዱ፤ ልጁም በመጨረሻ ጥንቸሉን በእጁ ዳበሰ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ይህንኑ መንገድ ሥርዓት ያለው ሕክምና አድርገው በመጽሐፍ አወጡት። ዛሬ ጥሩ አሠልጣኞች የሚሠሩበት ዘዴ ሥሩ ከዚያ ነው፤ ጎባ ላይ ለመጠቀምም አዳራሽ መከራየት አይጠይቅም።

ምሳሌዬን ከአገሩ ሥራ እወስዳለሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ነው። ይህንን ለእንግዳ አፏን ሞልታ የምትናገር አስጎብኚ ያስፈልጋል። እንግዲህ አንዲት የጎባ ልጅ በሐሳባችን እንሣል፤ 22 ዓመቷ ነው፤ ስለ ቀበሮው፣ ስለ ደጋ አጋዘኑ፣ ስለ ሐረና ጫካ ቡና ታውቃለች። ከአምስት ሰው በላይ ሲያያት ግን ድምጿ ይጠፋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለእሷ የተሠሩ ናቸው። እርስዎ የባንክ ቃለ መጠይቅ፣ የዕድር ስብሰባ፣ ወይም የመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚፈሩ ከሆነ ቦታውንና ሰዉን ብቻ ይቀይሩት።

ደረጃ 1፦ የሚፈሩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ሰው እፈራለሁ» በጣም ሰፊ ነው፤ ምንም አያሠራም። ልጅቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ነበር እንበል። አሠልጣኟ «የትኛውን ሰው? ስንት ሲሆኑ? ምን ሲያደርጉ?» እያለች ስትጠይቃት «የማላውቃቸው እንግዶች ክብ ሠርተው ሲያዩኝና የማላውቀውን ጥያቄ ሲጠይቁኝ» ወደሚል ጠበበ። አሁን የሚያዝ ነገር ተገኘ።

እዚህ ደረጃ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታቸው ትንሽ ልቆይበት።

አንደኛው እውነተኛ አደጋ ነው። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ሪራና ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጉም ሲወርድበት አሥር እርምጃ ወደፊት አይታይም። በዚያ ጉም ውስጥ መሪ ለመያዝ የሚፈራ ጀማሪ ሾፌር ጤነኛ ነው። አሠልጣኝ ይህንን ፍርሃት ሊያጠፋ ከሞከረ ሰው ይጎዳል። ሥራው ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅን፣ መብራት ማብራትንና ቀስ ብሎ መንዳትን ማስተማር ነው።

ሁለተኛው የዝግጅት ማነስ ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህንን እያወቀ ሳያጠና የሚፈራ ተማሪ ፍርሃቱ እውነቱን እየነገረው ነው፤ መድኃኒቱም ደብተር ነው። አጥንቶ፣ ጥያቄውን ቤቱ በትክክል እየሠራ፣ አዳራሽ ሲገባ ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ሌላ ነው፤ ይኼ ጽሑፍ የሚረዳው እሱን ነው።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ቢል፣ ሴት ልጅ አቀርቅራ ብትናገር ይመሰገናል። ዝምታው ከአክብሮት ከመጣ ምንም ችግር የለውም። መናገር እያለባት፣ መናገርም እየፈለገች፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ እንጀራዋን ካጣች ግን ጨዋነት የሚለው ሽፋን ተገፎ ፍርሃት ተብሎ መጻፍ አለበት። መለያው ቀላል ነው፤ ዝም ካለች በኋላ ሰላም ይሰማታል ወይስ ቁጭት? ቁጭት ከሆነ ፍርሃት ነው።

ደረጃ 2፦ አሠልጣኙን ይምረጡ

ጎባና ሮቤ ላይ በዚህ ሙያ ታፔላ የሰቀለ ቤት ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ጡረታ የወጣች መምህርት፣ የእግር ኳስ ወይም የአትሌቲክስ አሠልጣኝ፣ በሥራው የቀደመ ሰው ይበቃል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ባለሙያ በቴሌግራም ቢያገኙም መልካም ነው፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብሮ የሚቆም አንድ የሰፈር ሰው ይጨምሩ። ስልክ ገበያ መሐል አብሮ አይቆምም።

ሰው ሲመርጡ የመጀመሪያው መመዘኛ ምስጢር መጠበቅ ነው። ጎባ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ትናንት ለአንድ ሰው የነገሩት ነገር ዛሬ ቡና ላይ ከተነሳ ሥልጠናው አበቃለት። ቀጥሎ የእንጀራ አለቃዎን፣ አባትዎን ወይም እጮኛዎን አይምረጡ፤ በእነሱ ፊት መሳሳት ዋጋው ከፍ ይላል፤ በሥልጠና ላይ ደግሞ መሳሳት ግድ ነው። ራሱ አንድ ነገር ፈርቶ ያለፈና ያንን ሳያፍር የሚናገር ሰው ካገኙ ይያዙት። ሴት ልጅ ወንድ አሠልጣኝ ከመረጠች ሰው በሚያይበት ቦታ፣ በቀን፣ እናት ወይም እህት እያወቀች ይገናኙ፤ ይህንን የሚቃወም አሠልጣኝ ያን ጊዜውኑ ይቀየር። «በሦስት ቀን ፍርሃትዎን እነቅላለሁ» የሚል ሰውም አይሁን። አዳራሽ ሞልቶ አስጩኾና አስጨብጭቦ መሸኘት ለአንድ ምሽት ያሞቃል፤ ማግስቱን ልጅቷ በፓርኩ በር፣ ዲንሾ ላይ፣ ብቻዋን ናት።

ጥሩ አሠልጣኝ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎረቤት አርሲ በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩ አሠልጣኝ አሉ። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ስለ በቆጂ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው አየሩንና ከፍታውን ነው። የጎባ አየርም ከፍታም ግን ከበቆጂ ብዙ አይርቅም። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለሌላ ነገር ነው፤ በዚያች ትንሽ ከተማ አንድ ልጅ ጠዋት ሲሮጥ፣ እሱ በሚሮጥበት ሜዳ የሮጠች፣ የሰፈሩ ቋንቋ የምትናገር ልጅ ዓለምን እንዳሸነፈች ያውቃል። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ቦታ እንደሚያገኝ ጽፈዋል፦ ራሱ ሠርቶ ከማየት፣ እሱን የሚመስል ሰው ሲሠራ ከማየት፣ ከሚያምነው ሰው ቃል፣ የራሱን ሰውነት ከሚተረጉምበት መንገድ። ከሁሉ ኃይለኛው የመጀመሪያው ነው። «አይዞህ» ያለው ሦስተኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ ጊዜውን በሙሉ በምክር ከጨረሰ ከመጀመሪያው ይልቅ ደካማ በሆነው ላይ እየሠራ ነው።

ለልጅቷ ይህ ማለት ቶሎ ሌላ የባሌ ልጅ አስጎብኚ ስትሠራ ማየት አለባት ማለት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ዲንሾ ሄዳ አንዷን ተከትላ ትዋል፤ የዚያችኛዋም ድምፅ መጀመሪያ ላይ ሲርገበገብ ታያለች።

ደረጃ 3፦ ውሉን አጭር ያድርጉት

ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት። በመካከል ያሉት ቀናት የልምምድ ናቸው። የሚከፈል ገንዘብ ካለ አስቀድሞ ይነገር። የሚነገረው ሁሉ በሁለቱ መካከል እንደሚቀር በቃል ይስማሙ። ልጅቷ በማንኛውም ጊዜ «ይበቃኛል» የማለት መብት አላት፤ አሠልጣኟ ደግሞ «ለምን?» ብላ አንድ ጊዜ የመጠየቅ መብት አላት። ይኸው ነው።

ደረጃ 4፦ የፍርሃቱን መሰላል ይሥሩ

ከ0 እስከ 100 የሚሄድ መለኪያ ያስቡ፤ 0 ማለት ቤትዎ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ፣ 100 ማለት ከዚህ በላይ ፍርሃት የለም ያሉበት። ከዚያ የሚፈሩትን ነገር ወደ አሥር ያህል ትንንሽ ሥራዎች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጡት። ቁጥሩን የሚሰጠው የሚፈራው ሰው ራሱ ነው፤ አሠልጣኙ «ይኼማ 20 ነው» ማለት አይችልም።

የልጅቷ መሰላል ይህን ይመስላል። 10 ላይ ያለው በሯን ዘግታ ስለ ቀይ ቀበሮ ሦስት ደቂቃ ተናግራ በስልኳ ቀድታ ማዳመጥ ነው። የራስን ድምፅ መስማት ራሱ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ለዚህ ነው መሰላሉ ውስጥ የገባው። 20 ላይ ያንኑ ለአሠልጣኟ መናገር። 30 ላይ ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቧ ከተቀመጠ የማታውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር፤ መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወሬው ቢከብድም ቶሎ ያልቃል። 40 ላይ ጎባ ገበያ ውስጥ ማር ወይም ገብስ ሻጭ ዘንድ ቆማ፣ ሌሎች ገዢዎች እየሰሙ፣ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚለይ አራት አምስት ጥያቄ መጠየቅ። 50 ላይ የሰፈር ልጆች ሰብስባ ስለ ትልቁ ፍልፈል መንገር፤ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኝና የቀበሮው ዋነኛ ምግብ የሆነ እንስሳ ስለሆነ ልጆች ይወዱታል።

60 ላይ በአንድ ትምህርት ቤት፣ መምህሩ ፈቅዶ፣ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ መናገር። 70 ላይ ዲንሾ ከነባር አስጎብኚ ጋር ሄዳ አንዱን ቦታ ብቻ እሷ ማስረዳት። 80 ላይ ያለው ሁሉም የሚዘነጋው ነው፤ ሆን ብሎ የማታውቀውን ጥያቄ እንዲጠይቃት ለአንድ ሰው ነግራ፣ በሰው ፊት «ይህንን አላውቅም፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ማለት። የፍርሃቷ ዋና ሥር እዚህ ስለነበር ይህንን ሳታልፍ ወደላይ ብትወጣ መሰላሉ ይሰበርባት ነበር። 90 ላይ የአገር ውስጥ ጎብኚዎችን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሙሉ መንገድ ማዞር። 100 ላይ የውጭ እንግዶችን በእንግሊዝኛ ሳነቴ ላይ ይዛ መውጣት።

መሰላሉ ከተሠራ በኋላ ከ30 ገደማ ይጀምሩ። 10 በጣም ቀላል ከሆነ ምንም አይማሩበትም፤ 70 ላይ መጀመር ደግሞ ብዙዎችን አሯሩጦ ቤት የሚያስገባ ስህተት ነው። በተለይ ወላጆች ይህንን ያደርጋሉ፤ ዓይን አፋር ልጃቸውን ሠርግ ላይ ማይክ ያስይዛሉ። ልጁ የሚማረው ማይክ አደገኛ መሆኑን ነው።

ደረጃ 5፦ ሰውነትዎን ይወቁ

ልብ ሲመታ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ መዳፍ ሲያልብ ብዙ ሰው «አልቻልኩም ማለት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ባሌ ላይ ይህ ትርጉም በተለይ ያሳስታል። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ቆሞ የሚያወራ ሰው ልቡ ቢፈጥንና ዓረፍተ ነገሩ መሐል ትንፋሽ ቢያጥረው አየሩ ነው። ልጅቷ ይህንን ካወቀች ንግግሯን አጫጭር አድርጋ ታዘጋጃለች፤ ዳገት እየወጣች አታስረዳም፤ ቆማ፣ ትንፋሿ ከተመለሰ በኋላ ትጀምራለች። እንግዶቹም እኮ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

ሁለተኛው ነገር ቡናና ጫት ነው። ሦስት ስኒ ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ ወደሚፈሩት ቦታ መሄድ ልብን አስቀድሞ ያፈጥናል፤ ሰውዬው ግን ምክንያቱን ለፍርሃቱ ይሰጣል። በልምምድ ቀን ጠዋት አንድ ስኒ ይበቃል፤ ጫት ይቅር። ሌሊቱን መተኛትና ቁርስ መብላት ከብዙ ዘዴ ይበልጣል።

ለትንፋሽ፦ በአፍንጫ አራት እስኪቆጠር ወደ ውስጥ፣ ስድስት እስኪቆጠር ወደ ውጭ፣ ለሁለት ደቂቃ። ይህ ከመጀመርዎ በፊት የሚደረግ ነው። መሐል ላይ ፍርሃቱን ለማባረር ብለው ከያዙት ራሱ ሌላ መደበቂያ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ከመሄድዎ በፊት ትንቢትዎን ይጻፉ

ትንሽ ደብተር ይግዙ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ምን ይሆናል ብለው እንደሚፈሩና ከ100 ስንት እርግጠኛ እንደሆኑ ይጻፉ። ሲመለሱ እውነቱን፣ ምን እንደሆነ፣ ከሥሩ ያስፍሩ። ልጅቷ ለሚኒባሱ «አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ትገላምጠኛለች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ 80» ብላ ብትጽፍ፣ ስትመለስ የምታሰፍረው «ሴትዮዋ ልጇን ሆስፒታል ልታይ እየሄደች ነበር፤ እስከ ሮቤ አወራችኝ፤ የዞረ ሰው አላየሁም» ሊሆን ይችላል።

ይህ ደብተር ለጌጥ አይደለም። ፍርሃትን በመጋፈጥ ማከምን ያጠኑት ተመራማሪ ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቻቸው እንደሚሉት፣ አእምሮ የሚማረው ከጠበቀው ነገርና ከሆነው ነገር መካከል ካለው ልዩነት ነው። ትንቢቱ አስቀድሞ ካልተጻፈ ሰው ሲመለስ «ድሮም ያን ያህል አልፈራሁም» ይልና ትምህርቱ ይባክናል። አንዳንዴ ትንቢቱ ይደርሳል፤ ሰው ይስቃል፣ አንዱ ይገላምጣል። ያኔ የሚጻፈው «ሳቁ፤ ከዚያስ ምን ሆንኩ?» ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «አፈርኩ፤ ግማሽ ሰዓት ቆየና ለቀቀኝ» ነው። ይህም ትልቅ እውቀት ነው።

ደረጃ 7፦ ይግቡ፣ ይቆዩ፣ መደበቂያውን ይጣሉ

ቀኑንና ቦታውን በ«ሲሆን» ያስሩት። የጀርመን ተወላጁ ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳዩት «አንድ ቀን እሞክራለሁ» ከሚል ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህንን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው የመፈጸም ዕድሉ ይበልጣል። ልጅቷ የምትለው «ሚኒባሱ ከመናኸሪያ እንደወጣ አጠገቤ ያለችውን ሴት ወዴት እንደምትሄድ እጠይቃታለሁ» ነው። «ድፍረት ሲመጣልኝ» የሚባል ቀጠሮ አይያዝ፤ ድፍረቱ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው።

ከገቡ በኋላ ፍርሃቱ ጫፍ ሲደርስ አይውጡ። ጫፉ ላይ ከወጡ አእምሮ «መሸሼ አዳነኝ» ብሎ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ይብስበታል። ያሰቡት ሥራ እስኪያልቅ ይቆዩ። ቁጥሩ ከወረደ ጥሩ፤ ባይወርድም ትንቢቱ መፈተኑ ይበቃል።

መደበቂያ የምለው ሰው ሳያውቀው የሚይዘውን መከላከያ ነው። ሻርፕን አፍ ላይ ማድረግ፣ ከወረቀት ላይ ማንበብ፣ ቶሎ ቶሎ ተናግሮ መጨረስ፣ ጓደኛ ልኮ ማስጠየቅ፣ ስልክ ላይ ማቀርቀር። አስጎብኚ ደግሞ የራሱ መደበቂያ አለው፤ ሰው እንዳያይ ባይኖኩላሩን ከዓይኑ አያወርድም። ቀበሮ የሌለበትን ገደል ሲያይ ይውላል። አሠልጣኟ ይህንን ስታይ አንድ በአንድ ታስጥላታለች፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አይደለም።

ጥሩ አሠልጣኝ እዚህ ላይ ጥቂት ይናገራል። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለ አሜሪካዊ የቴኒስ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ትእዛዝ ሲበዛ ተጫዋቹ እንደሚበላሽ፣ ትኩረቱን ወደ ኳሷ የሚመልስ ጥያቄ ግን እንደሚጠቅመው አሳይቷል። በእኛ ምሳሌ አሠልጣኟ የሆነችው መምህርትና ልጅቷ በትምህርት ቤቱ ቀን ጠዋት የሚነጋገሩት እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ቲቸር፣ ዛሬ ይቅርብኝ፤ አሞኛል።»

«ምንሽን?»

«ሆዴን። ሌሊትም አልተኛሁም።»

«ከ100 ስንት ነው?»

«80።»

«ስትጽፊው 60 ነበር። እንግዲያው ልኩን እናሳንሰው እንጂ ቀኑን አንቀይርም። አሥሩ ደቂቃ ሦስት ይሁን። ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ፤ ግን እርስዎ ከኋላ ይቀመጡልኝ።»

«እቀመጣለሁ። በሚቀጥለው ግን ደጅ ነው የምጠብቅሽ።»

አልተቆጣችም፤ አላባበለችም፤ «የእገሌን ልጅ አታይም?» አላለችም። ሥራውን አሳነሰች፤ ቀኑን ግን አልሰጠችም። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አሠልጣኝ ይህንን ይያዝ።

አንዱን ደረጃ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ ይድገሙት። ጎባ ገበያ የለመደ ድፍረት ሮቤ ገበያ ላይ ራሱን ችሎ አይገኝም፤ ሮቤ ላይም መለማመድ አለበት። ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 8፦ አሠልጣኙ ዞር ይበል

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አጠገብ ይቆማል። ከዚያ ከኋላ፣ ከዚያ ደጅ፣ ከዚያ በስልክ፣ በመጨረሻ ደብተሩን ብቻ ያያል። ይህ ደረጃ ለአሠልጣኙም ከባድ ነው፤ መፈለግ ደስ ይላል። ግን ልጅቷ የምትደፍረው እሱ ሲኖር ብቻ ከሆነ አሠልጣኙ ራሱ መደበቂያዋ ሆኗል። ስለዚህ ሳነቴ ላይ፣ 100 ላይ ስትወጣ፣ አሠልጣኟ ጎባ ትቅር።

ደረጃ 9፦ ሲመለስ አይደንግጡ

ክረምት ሲገባ እንግዳ ይቀንሳል፤ ሁለት ሦስት ወር ካልሠሩ ፍርሃቱ ከፊሉ ተመልሶ ይጠብቃል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ደረጃ ወደታች ወርደው ይጀምሩ፤ በመጀመሪያው ዙር ወር የፈጀው አሁን ሳምንት ይፈጃል። ደብተሩን አይጣሉት።

ሥልጠና የማይበቃበት ቦታ

ጦርነት፣ ጥቃት ወይም ከባድ አደጋ ያየ፣ ያየው ነገር በቅዠት የሚመለስበት ሰው፤ ድንገት ልቡ ተወጥሮ «ሞትኩ» የሚያሰኝ ድንጋጤ ደጋግሞ የሚጥለው፤ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፤ ሕይወቱን ስለማጥፋት የሚያስብ፦ እነዚህ አሠልጣኝ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ወደ ሐኪም መሄድን ከእብደት ጋር የሚያያይዝ ወሬ ሰዎችን ስንት ዓመት ቤት አስቀምጧል፤ ይህ ወሬ መቆም አለበት። ጸሎት፣ ጠበል፣ ዱዓ ለሚያምን ሰው ብርታት ነው፤ ከሕክምናም ከሥልጠናም ጋር አብሮ ይሄዳል። አሠልጣኝ ሆኖ «ሐኪም ተው፤ እኔ እበቃሃለሁ» የሚል ሰው ግን አደገኛ ነው።

አንድ ቃል ለጎባና ለሮቤ መምህራን፣ የስፖርት አሠልጣኞችና ታላላቆች አለኝ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ካላችሁ በሰፈራችሁ ካሉት አንዲቱን ወይም አንዱን ዓይን አፋር ልጅ ለስምንት ሳምንት ያዙ። ደብተር ግዙላቸው፤ መሰላሉን አብራችሁ ሥሩ፤ ቀኑን አትስጡ። እርስዎም ይህንን ሲያነቡ የራስዎ ፍርሃት በዓይንዎ ከመጣ ደረጃ 1ን ዛሬ ማታ ይጻፉና እስከ እሑድ ድረስ ለአንድ ምስጢር ጠባቂ ሰው ያሳዩት።